ወረቱ ሲያልፍ

ጤና ይስጥልኝ። በሥራ ቀን ማታ ጊዜያችሁን ሰውታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ዛሬ የማወራው ስለ ሁለት ነገር ነው፦ አዲስ የዕለት ልማድ ስለ ማዳበርና ጠና ያለ ሕመም የያዘውን ጓደኛ ስለ መደገፍ። ርዕሱን አይታችሁ "እነዚህን ምን አገናኛቸው?" ያላችሁ ትኖራላችሁ። እኔ እንደሚመስለኝ ሁለተኛው ያለ መጀመሪያው አይሆንም። ምሽቱን ሙሉ የምለፈልፈውም ይህችኑ ነው።

በጥያቄ ልጀምር። "የሚያስፈልግህ ነገር ካለ ደውልልኝ፤ እንዳትሳቀቅ" ብሎ የማያውቅ ሰው እዚህ አለ? አይመስለኝም። ሁላችንም ብለናል። ከልባችንም ነው ያልነው። እስቲ ንገሩኝ፣ ስንቱ ደወለ?

አይደውልም። በታመመው ሰው ቦታ ሆናችሁ እዩት። ለመደወል መጀመሪያ የሚያስፈልገውን ነገር ለይቶ ማወቅ አለበት። ከዚያ ማን እንደሚመቸው ማሰብ አለ። "ሥራ ላይ ቢሆንስ? ባለፈውም እሱኑ ነው ያስቸገርኩት። ደግሞ እንዲህ ላለች ትንሽ ነገር?" ይላል። በመጨረሻ ስልኩን ያስቀምጠዋል። አያችሁ፣ ልናግዘው ብለን አንድ ተጨማሪ ሥራ ነው ያሸከምነው።

የጠያቂውን ነገርም እንየው። እገሌ ታመመ ሲባል የመጀመሪያው ሳምንት ግርግር ነው። ክፍሉ ውስጥ ወንበር ይጠፋል። ነርሷ "እባካችሁ በየተራ ግቡ" እያለች ትለምናለች። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል፤ ታማሚው ለሁሉም ያንኑ ታሪክ ከሀ እስከ ፐ ይተርካል። ወር ሲሆነው ጠያቂው ይሳሳል። ሦስተኛው ወር ላይ የሚቀሩት አስታማሚውና አንድ ሁለት ሰው ናቸው። ሕመሙ ግን የትም አልሄደም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ሰው የሚያስፈልገው ያኔ ነው።

የሕክምናውን ርዝመት አስቡት። ኬሞቴራፒ ብዙውን ጊዜ በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ እየተደገመ ለወራት የሚሄድ ነው። የኩላሊት እጥበት አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን ነው፤ በእያንዳንዱ ቀን አራት ሰዓት ገደማ። ንቅለ ተከላ እስኪገኝ፣ ካልተገኘም ዕድሜ ልክ። እኛ ለአንድ ሳምንት በምትበቃ ስሜት ነው ለዓመታት ሕመም የምንነሳው።

ይህን ስል ሰው ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ወረት ነው። ድንጋጤ ያነሳሳናል፣ ድንጋጤ ደግሞ ይበርዳል። መብረዱም ጤነኛ ነገር ነው፤ ባይበርድማ ማናችንም ሥራ ውለን አንገባም ነበር። ችግሩ ጠያቂነታችንን በድንጋጤው ላይ ማቆማችን ነው። እሱ ሲበርድ መደወሉም ይቀራል። ቀጥሎ ሀፍረት ይመጣል። "ሁለት ወር ሙሉ ጠፍቼ አሁን ምን ብዬ ልደውል?" ይባላል። ሀፍረቱ ሦስተኛ ወር ይጨምርበታል። ጓደኝነት የሚሞተው በጠብ ብቻ አይደለም፤ እንዲህም ይሞታል።

ስለዚህ እኔ የምለው፣ የታመመ ጓደኛ መጠየቅን ለስሜት አትተዉት። ልማድ አድርጉት።

እዚህ ጋ ሁሌም አንድ ሰው እጁን ያወጣል። "ልማድ ከሆነማ ምኑን ፍቅር ሆነ? በአላርም የሚታወስ ጓደኛ ጓደኛ ነው ወይ?" ይለኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን እስቲ ልጇን በየማለዳው ቀስቅሳ፣ አልብሳ ትምህርት ቤት የምታደርስ እናት አስቡ። በየቀኑ ፍቅሯ ግንፍል እስኪል እየጠበቀች ነው የምታደርገው? ብትጠብቅ ልጁ ግማሹን ዓመት ይቀር ነበር። ልማዱ ፍቅሩን አልተካውም፤ ፍቅር በሚደክምበት ቀንም ልጁን ትምህርት ቤት አደረሰው። ልማድ መሆን ያለበት መድረሱ ነው። ከደረሳችሁ በኋላ ዓይኑን አይታችሁ መስማቱ በልማድ አይሆንም፤ እሱ በየቀኑ አዲስ ነው።

እሺ፣ ልማድ እንዴት ነው የሚያዘው? በዚህ ጉዳይ የሚወራው ብዙ ነው፤ ግማሹም ወሬ ነው። በጣም የታወቀው የ21 ቀኑ ነው። አንድን ነገር ለ21 ቀን ከደጋገምከው ልማድ ይሆንልሃል የሚባለው። ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ? ማክስዌል ማልትዝ የሚባል አሜሪካዊ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ነበር። ታካሚዎቹ ከቀዶ ሕክምና በኋላ አዲሱን ፊታቸውን በመስታወት አይተው ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ገደማ እንደሚፈጅባቸው ታዘበ። እ.ኤ.አ. በ1960 ጻፈው። ስለ ስፖርት ወይም በጠዋት ስለ መነሳት እየተናገረ አልነበረም። "ቢያንስ" ያለውም መንገድ ላይ ተረሳ። 21ዷ ብቻ ተርፋ እስከ ዛሬ በየመድረኩ ትሸጣለች።

በትክክል የለካ ሰው ሲመጣ ነገሩ ሌላ ሆነ። ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ 96 ፈቃደኞችን ለ12 ሳምንት ተከታተሉ። እያንዳንዱ ሰው አንድ አዲስ ነገር መረጠ፤ ከምሳ ጋር ውኃ መጠጣት፣ ከእራት በፊት መሮጥ፣ እንዲህ ያለ ነገር። ድርጊቱ ሳያስቡበት የሚመጣ እስኪሆን ምን ያህል ይፈጃል? መሃለኛው ቁጥር 66 ቀን ሆነ። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው፤ ፈጣኑ 18 ቀን ሲፈጅበት፣ ዘገምተኛው በስሌት 254 ቀን ድረስ ሄደ። ቀለል ያለው ነገር ቶሎ ለመደ፤ ከበድ ያለው ዘገየ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ነው።

ከጥናቱ እኔ የምወዳት ነገር ግን 66ቷ አይደለችም። አንድ ቀን የዘለሉ ሰዎች ልማዳቸው አልፈረሰም። ማግስቱን ሲቀጥሉ ካቆሙበት ቀጠለ። ይህቺን ያዙልኝ፤ በኋላ ታስፈልገናለች።

ሌላዋን ጥናት የሠሩት ዌንዲ ዉድና ባልደረቦቿ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ሥራ ሰዎች በየሰዓቱ የሚያደርጉትንና የሚያስቡትን እንዲመዘግቡ አደረጉ። ከድርጊቶቹ 43 በመቶ ያህሉ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ ብዙ ጊዜም በዚያው ቦታ የሚደጋገሙ ሆነው ተገኙ። ሰዎቹ እነሱን እየሠሩ ሐሳባቸው ሌላ ቦታ ነበር። የቀናችንን ግማሽ ሊጠጋ ምንም የማይቀረው በራሱ ነው የሚሄደው ማለት ነው። ጓደኛችን ከዚያ ውስጥ ከሌለ፣ በቀረው በተጨናነቀው ግማሽ ውስጥ ከሥራ፣ ከቤትና ከድካም ጋር እየተጋፋ ቦታ ሊያገኝ ነው። እንደምታውቁት አያገኝም።

እንዴት እናስገባው? ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፒተር ጎልዊትዘር ዕድሜውን ያሳለፈበት ቀላል ነገር አለ። "ጓደኛዬን አዘወትሬ እጠይቃለሁ" ማለት ምኞት ነው። "ማክሰኞ ከቢሮ ወጥቼ ታክሲ ውስጥ ስቀመጥ ለእሱ ቮይስ እልካለሁ" ማለት ግን ዕቅድ ነው። መቼ፣ የት፣ ከምን ቀጥሎ የሚለው ተወስኗል። ጎልዊትዘርና ፓስካል ሺራን እ.ኤ.አ. በ2006 እንዲህ ያለውን ዕቅድ የፈተሹ 94 ሙከራዎችን አንድ ላይ አይተው፣ ያሰቡትን በመፈጸም ረገድ ደህና አድርጎ እንደሚያግዝ አሳይተዋል። ማስታወሱን የሚሠራው ታክሲው ነው፤ እናንተ አይደላችሁም።

እንደ ታክሲው የምታስታውሳችሁን ምልክት ስትመርጡ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ መቼም የማትቀር ነገር ትሁን። "ሲመቸኝ" ምልክት አይደለም። "እሁድ ልብስ ሳጥብ" ምልክት ነው። "ስልኬን ቻርጅ ስሰካ" ምልክት ነው። ሁለተኛ፣ ከቻላችሁ ከጓደኛችሁ የሕክምና ቀን ጋር አያይዟት። እሱ ቀኑን የሚቆጥረው በኬሞ ወይም በእጥበት ነው፤ እናንተም በእሱ ካሌንደር ብትገቡ ያስተውለዋል።

ደግሞ ትንሽ ትሁን። እዚህ ላይ አጥብቄ ነው የምለው። በመጀመሪያው ቀን ትኩሳት "በየቀኑ እየመጣሁ አነብልሃለሁ" የሚል ሰው አለ። እሱ በሁለተኛው ሳምንት የሚጠፋው ሰው ነው። ከእሱ ይልቅ በሳምንት አንዴ ሦስት መስመር የሚጽፍ ይሻለኛል። ቃል ተገብቶለት የሚጠብቅ ሕመምተኛ ኮቴ ሲሰማ በሩን ነው የሚያየው።

አንድ የማውቀው ሰው አለ። ጓደኛው የኩላሊት እጥበት ላይ ነው። ከሦስቱ የእጥበት ቀናት ሐሙስን ወሰደ። ሌሎቹን ቀናት ቤተሰብ ይይዛቸዋል፤ ሐሙስ የእሱ ነው። ከሥራ ይወጣል፣ መኪናውን አዙሮ ሆስፒታሉ በር ላይ ያቆማል። ስልክ የለም፣ "ልምጣ ወይ?" የለም። አንድ ቀን አብሬው ሄድኩ። ጓደኛው ሲወጣ ፊቱ ገርጥቷል። ከማሽኑ የወጣ ሰው ግፊቱ ሊወርድ ስለሚችል ቶሎ ሲነሳ ያዞረዋል። መርፌው የገባበት ክንዱ ላይ ፋሻ ተለጥፏል። ጓደኛዬ ደግፎ ሲያስነሳው በሌላኛው ክንዱ ነው የያዘው። ቦርሳውንም ያለ ንግግር ተቀበለው። ማሽኑ የሚገናኝበት ክንድ ጫና አይወድም፤ ከባድ ዕቃ አይያዝበትም፣ የደም ግፊትም አይለካበትም። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረውም። ሐሙስ ሐሙስ ሲመላለስ ነው የገባው።

መኪና ውስጥ ሬድዮው ዝቅ ብሎ ነበር። ማንም አላወራም። እኔ ዝምታው ጨንቆኝ አንድ ሁለት ጊዜ ወሬ ልጀምር ሞከርኩ፤ ሁለቱም ትህትና ባለው መልክ አሳለፉኝ። ጓደኛዬ የውኃ ጠርሙሱን መቀመጫው ሥር ወሸቅ እንዳደረገው ያየሁት በኋላ ነው። እጥበት ላይ ያለ ሰው የሚጠጣው ፈሳሽ የተመጠነ ስለሆነ ጥማቱ ከባድ ነው። በእሱ ፊት ጠርሙስ አንስቶ ጉሮሮ ማርጠብ ጭካኔ ይሆናል። ቤት ሲደርሱ "ሐሙስ" አለው፤ ያኛው "ሐሙስ" አለው። በቃ።

ታዲያ የግድ መኪና ይኑራችሁ አይደለም። ሩቅ አገር ያለ ሰውስ? አጭር መልእክት ምን ይሠራል ለምትሉኝ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ጄሮም ሞቶ የሚባል የሳን ፍራንሲስኮ የአእምሮ ሐኪም ነበር። በከባድ የመንፈስ ጭንቀት ወይም ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሆስፒታል ገብተው ከወጡ በኋላ ክትትሉን የተዉ 843 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈላቸው። ለግማሾቹ በአምስት ዓመት ውስጥ 24 አጫጭር ደብዳቤዎች ተላኩላቸው። ደብዳቤዎቹ ምክር አልነበሩም፤ "ደህና ትሆናለህ ብለን ተስፋ እናደርጋለን፤ ልትጽፍልን ከፈለግህ ደስ ይለናል" ዓይነት ጥቂት መስመር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመው ውጤት፣ ደብዳቤ ይደርሳቸው ከነበሩት መካከል ራሳቸውን ያጠፉት ቁጥር በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ጎላ ብሎ ያነሰ ነበር። የእነዚያ ሰዎች ሕመም ከካንሰርና ከኩላሊት ሕመም ይለያል፤ አውቃለሁ። ግን ልብ በሉ፣ ደብዳቤዎቹ ምንም አይጠይቁም፤ ሳይቋረጡ ይመጣሉ እንጂ።

"ብደውል ይሰለች ይሆን?" የሚለው ስጋትም ከልክ በላይ ነው። ፔጊ ሊዩና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ጥናት፣ ሰው ድንገት ሲታወስ ምን ያህል ደስ እንደሚለው አስታዋሹ ወገን አሳንሶ እንደሚገምት አሳይተዋል። እኛ "ምናልባት አስቸገርኩት" ስንል፣ እሱ "አልረሳኝም" እያለ ነው።

መልእክቱ ላይ አንድ ነገር ጨምሩ፦ "መልስ አትጻፍልኝ።" ለታመመ ሰው ስልኩ ላይ የተከማቸ ያልተመለሰ መልእክት ራሱን የቻለ ዕዳ ነው። "ዛሬ ሦስተኛው ኬሞህ እንደሆነ አውቃለሁ። እያሰብኩህ ነው። መልስ አትጻፍልኝ፤ ማክሰኞ እንደገና እጽፍልሃለሁ።" ይህ ይበቃል። ከዚያ ማክሰኞ በእርግጥ መጻፍ ነው።

በአካል ለምትሄዱ ጥቂት ነገሮች። ኬሞ የወሰደ ሰው ነጭ የደም ሴሎቹ በጣም የሚቀንሱት ብዙ ጊዜ ከሕክምናው ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ያኔ ቀላል ጉንፋን የሚባል የለም። አፍንጫችሁ ከፈሰሰ፣ ጉሮሯችሁ ከከረከረ ቅሩ፤ በስልክ አግኙት። መቅረታችሁ ልማዱን አያፈርሰውም ብያችኋለሁ። ከገባችሁም እጃችሁን ታጠቡ፣ ሽቶ አትቀቡ፤ ሽታ ብዙዎቹን ያስመልሳቸዋል። አብራችሁት ሳላችሁ የሰውነቱ ሙቀት 38 ዲግሪ ከደረሰ ደግሞ "ነገ እናየዋለን" አይባልም፤ ወዲያው ለሕክምና ቡድኑ ይደወላል። የድንገተኛ ጉዳይ ነው። ኩላሊቱን ለታመመ ሰው ደግሞ ሳትጠይቁ ፍራፍሬ ተሸክማችሁ አትሂዱ። ሙዝና ብርቱካን ለእኛ ጤና ናቸው፤ ለእሱ ፖታሲየማቸው ልብን እስከማወክ ሊያደርስ ይችላል።

ስለ ድካም ደግሞ አንድ ቃል። የካንሰር ድካም ተኝተህ የምትነቃበት ድካም አይደለም። አሥር ሰዓት ተኝቶ የተነሳ ሰው "ደክሞኛል" ሲላችሁ አትከራከሩት። "ትንሽ ወጣ ብትል ይሻልህ ነበር" የሚለውንም ዋጡት። ቀለል ያለ እንቅስቃሴ ይረዳል፤ እውነት ነው። ግን ሐኪሙ ሲፈቅድ ጫማ አድርጎ "እስከ በሩ አብረን ደርሰን እንመለስ" የሚል ሰው ነው የሚረዳው፣ ከሶፋ ላይ የሚያዘው አይደለም።

ምን እንበል? ይህ ብዙዎቻችንን የሚያስቀረን ፍርሃት ነው። ሱዛን ሲልክ የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ የጡት ካንሰር ይዟት ነበር። ከሕመሟ ያገኘችውን ትምህርት ከባሪ ጎልድማን ጋር እ.ኤ.አ. በ2013 በሎስ አንጀለስ ታይምስ ጋዜጣ ጻፈች። ነገሩ ቀላል ነው። ወረቀት ላይ ትንሽ ክብ ሥሩና የታመመውን ሰው መሃል አድርጉ። ቀጥሎ ባለው ክብ ባለቤቱን ወይም እናቱን፤ ቀጥሎ የቅርብ ጓደኞችን፤ ከዚያ የሥራ ባልደረቦችን። ደንቧ አንዲት ናት፦ ወደ መሃል ማጽናናት ብቻ፣ ማማረር ወደ ውጭ። "እኔ እኮ እንቅልፍ አጣሁ፣ እንዲህ ሆነህ ላይህ አልቻልኩም" ማለት ካማራችሁ፣ ከእናንተ ወጣ ብሎ ላለ ሰው ንገሩ። ለታማሚው አይባልም፤ ለእናቱም አይባልም። ታማሚው ለማንም ማልቀስ ይችላል፤ የእናንተ እንባ ግን አቅጣጫ አለው።

"ጠንከር በል" የምትለዋንም ቀንሷት። በጎ ሐሳብ ነው፤ ግን ጠንካራ ሆኖ የመታየት ግዴታ ትጭናለች። ሰውዬው ፈርቷል እኮ። መፍራቱን የሚነግረው ሰው ካጣ ብቻውን ይፈራል። የእገሌ አጎት በእንዲህ ያለ ሥር ዳነ የሚለውም ይቅር። ስንቱ ሰው ነው አንዲት ቪዲዮ ልኮ ጓደኛውን ከሐኪሙ ጋር ያጣላው!

ቀጥሎ የምለው ብዙም አይነገርም። ሕመም የሰውን ልማድ ያፈርሳል። ጠዋት ተነስቶ ፊቱን የሚላጨው፣ ጋዜጣ ገልበጥ የሚያደርገው፣ ማታ ከልጁ ጋር የቤት ሥራ የሚሠራው ሰው ድንገት "ታማሚ" ብቻ ይሆናል። ቀኑ በመድኃኒት ሰዓትና በምርመራ ቀጠሮ ይከፋፈላል። ጓደኛ እዚህ ላይ ከሐኪም የተሻለ ቦታ አለው። ሐኪሙ ሕመሙን ያውቃል፣ እናንተ ሰውዬውን ታውቃላችሁ። ከበፊት ልማዶቹ አንዷን መርጣችሁ አብራችሁ አኑሯት። ቼዝ ትጫወቱ ከነበረ በስልክ በቀን አንድ እርምጃ ተጫወቱ። ኳስ ታዩ ከነበረ፣ ሩቅ ብትሆኑም ጨዋታው ሲያልቅ ስለ ዳኛው አብራችሁ ተበሳጩ። ለአሥር ደቂቃም ቢሆን ስለ ሕመም የማይወራበት ቦታ ይኑረው።

መድኃኒት ላይም ልማድ ያግዛል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ሪፖርት፣ በበለጸጉት አገሮች እንኳ የረጅም ጊዜ ሕመም ካለባቸው ሰዎች መድኃኒታቸውን በታዘዘው መሠረት የሚወስዱት ግማሽ ያህሉ ብቻ ናቸው ብሏል። ሁሉም ረስተው አይደለም፤ ዋጋው፣ የጎንዮሽ ጉዳቱ፣ ተስፋ መቁረጡም አለበት። ከመርሳት የሆነውን ግን ማገዝ ይቻላል። ክኒኑን ጥርስ ከመቦረሽ ጋር ማያያዝ፣ የሳምንቱን በየቀኑ የሚከፋፍል ሳጥን መግዛት። ብቻ ፖሊስ አትሁኑ። "ወሰድክ? ወሰድክ?" እያለ የሚደውል ጓደኛ ብዙም ሳይቆይ ስልኩ አይነሳለትም። ካልወሰደም "ለምን?" ብላችሁ ከልብ ጠይቁ። መልሱ ምናልባት ለሐኪሙ ያልነገረው ነገር ሊሆን ይችላል፤ እንዲነግረው አበረታቱት።

አስታማሚውን አትርሱ። ሪቻርድ ሹልዝና ስኮት ቢች እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጥናት፣ የትዳር ጓደኛቸውን የሚያስታምሙና በዚያም ጫና የበዛባቸው አዛውንቶች በአራት ዓመት ውስጥ የመሞት ዕድላቸው ከማያስታምሙት በ63 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ስትደውሉ ሁሉም ሰው "እሱ እንዴት ነው?" ይላታል። "አንቺስ? ዛሬ ተኛሽ?" የሚላት ስንት ነው? ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት ሰዓት ያህል እሱ ጋር ተቀምጣችሁ እሷን ማስተኛት ከብዙ ስጦታ ይበልጣል። በየሳምንቱ ከሆነ ደግሞ ሰውነቷም ያውቀዋል፤ ቅዳሜን ይጠብቃል።

አሁን የማይወራውን ላውራ። አንዳንዱ ሕመም አይድንም። ሐኪሞቹ የማስታገሻ ሕክምና፣ ማለትም ሥቃይን የሚያቀል ሕክምና፣ የሚል ቃል ሲያነሱ ብዙ ጓደኛ ይሸሻል። "በቃ ማለት ነው" ብሎ ይተረጉመዋል። እንዲያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ጄኒፈር ቴምልና ባልደረቦቿ ባወጡት ጥናት፣ የተሰራጨ የሳንባ ካንሰር ካለባቸው 151 ሰዎች መካከል ገና ከጅምሩ የማስታገሻ ሕክምና ከመደበኛው ጋር የተጨመረላቸው የተሻለ ኑሮ ኖሩ፣ የመንፈስ ጭንቀታቸውም ቀነሰ። ዕድሜያቸውም ረዘመ፤ መሃለኛው ቁጥር 11.6 ወር ነበር፣ የሌሎቹ 8.9 ወር። እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ ለማይድን ሕመምተኛ እንክብካቤ የሚሰጠውን የቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስ የከፈተችው ሲስሊ ሳውንደርስ፣ የታማሚ ሥቃይ የአካል ብቻ ሳይሆን የስሜትም፣ የማኅበራዊ ኑሮም፣ የመንፈስም ነው ትል ነበር። ለመጀመሪያው መድኃኒት አለ። ለተቀሩት ሰው ያስፈልጋል።

ልማዳችሁ የሚፈተነውም ያን ጊዜ ነው። የምታደርጉት ነገር አይኖርም። የሚወሰድ የለ፣ የሚመጣ የለ፣ ምክር የለ። ስሜታችሁ "አትሂድ፣ ምን ልትሠራ?" ይላችኋል። ማክሰኞ ከሆነ ግን ማክሰኞ ነው። ትሄዳላችሁ፣ ትቀመጣላችሁ። ከተኛም ትቀመጣላችሁ። ለወራት ያስለመዳችሁት እግር ነው የሚወስዳችሁ፤ ጀግንነት አይጠይቅም።

ጥያቄ ከመቀበሌ በፊት አንድ የቀረኝ አለ። በእረፍቱ ሰዓት አንዲት እህት ጠጋ ብላ "እኔ እኮ ጠፍቻለሁ፤ አምስት ወር ሆነኝ፤ አሁን ምን ፊት አለኝ?" አለችኝ። ብቻዋን እንዳልሆነች እገምታለሁ። ላሊ ያገኘችውን አስታውሱ፤ የተዘለለ ቀን ልማድን አያፈርስም። አምስት ወር አንድ ቀን አይደለም፤ እሺ። መመለሻው ግን ያው ነው። ረጅም ይቅርታ አትጻፉ። ረጅም ይቅርታ ታማሚውን "አይ ችግር የለም፣ ይገባኛል" እያለ እናንተን ወደ ማጽናናት ይከተዋል፤ ክቡን አስታውሱ። አንድ መስመር ይበቃል፤ "ጠፋሁ፤ ይቅር በዪኝ" ከዚያ የሚቀጥለውን ቀን በስሙ ጥሩት። "ሐሙስ ከሥራ ስወጣ እደውልልሻለሁ። ካልተመቸሽ አታንሺው፤ የሚቀጥለው ሐሙስም እደውላለሁ።" ሐሙስ ሲደርስ ላታነሳ ትችላለች፤ ተቀይማ ሊሆን ይችላል፣ ተኝታም ሊሆን ይችላል። በሚቀጥለው ሐሙስ ይደወላል።

እሺ፣ ጥያቄ ያላችሁ? ከኋላ ያለችው እህት እጇን ቀድማ አውጥታለች፤ ማይኩን ስጧት።